ለአንዳይ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፦ በአባዲያ ግንብ ስማቸው ስላልተጠራ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአንዳይ ከተማ ምክር ቤትና ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ
ጉዳዩ፦ የአባዲያን ግንብ ቅርስ የኢትዮጵያውያን ባለውለታዎቹን ስም ጨምሮ ስለማሳወቅ

ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ እንግዳ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1871 እስከ 1875 በከንቲባነት ያገለገሏችሁ ሰው እጅ ቢገባ ኖሮ ያለ አስተርጓሚ ያነቡት ነበር። (በደብዳቤው የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አንቷን ዳባዲ ከወጣትነት ዘመናቸው አሥር ዓመት ያህሉን በኢትዮጵያ ያሳለፉ፣ አማርኛን ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ የተማሩ፣ ከከንቲባነቱ ከወረዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በ1881 ትልቅ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በፓሪስ ያሳተሙ ሰው ነበሩ። የደብዳቤው የፈረንሳይኛ ትርጉም አብሮ ይደርሳችኋል። ዋናው በአማርኛ እንዲሆን የመረጥሁት ጉዳዩ የእናንተ ብቻ ስላልሆነና በአገር ቤትም ሆነ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች ሰምተው ሐሳብ ሊሰጡበት ስለሚገባ ነው።

ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር። አንቷን ዳባዲ ያሠሩት የአባዲያ ግንብ በአማርኛና በግዕዝ የተጻፉ ቃላትን፣ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ የግድግዳ ሥዕሎችንና ከኢትዮጵያ የተቀዳ የብዙ ዓመት ዕውቀት ትዝታን የያዘ ቤት ነው። ያንን ዕውቀት ለባለቤቱ ያካፈሉት ኢትዮጵያውያን ግን፣ የአንዳንዶቹ ስም በመጻሕፍት ተመዝግቦ እያለ፣ ስለ ቤቱ በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኙም። ስማቸው ወደ ቤቱ እንዲገባ እጠይቃለሁ። ይህ ለምን እንደሚገባና በማን እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ለአማርኛ አንባቢዎች ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ይኖርብኛልና የአንዳይ ሰዎች ይታገሡኝ። በፈረንሳይ ኮምዩን የሚባለው የመጨረሻው የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ በአገሪቱ ውስጥ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ኮምዩኖች እያንዳንዳቸው የተመረጠ ምክር ቤትና ከንቲባ አሏቸው። አንዳይ ከነዚህ አንዷ ናት። በደቡብ ምዕራቡ ጥግ፣ በባስክ ምድር፣ ፈረንሳይ አልቃ ስፔን በምትጀምርበት በቢዳሶአ ወንዝ አፍ ላይ የተቀመጠች፣ ነዋሪዋ 20 ሺህ የማይሞላ ከተማ ናት። ታሪኳ ግን ከስፋቷ ይበልጣል። በ1659 ፈረንሳይና ስፔን የፒሬኔን የሰላም ውል የተፈራረሙት በወንዙ መካከል ባለችው ትንሿ የፌዛን ደሴት ላይ ነው፤ ደሴቲቱም እስከ ዛሬ ድረስ ስድስት ወር በአንደኛው፣ ስድስት ወር በሌላው መንግሥት ሥር እየሆነች በፈረቃ ትተዳደራለች። በ1793 የስፔን መድፍ ከተማዋን አፈራርሷታል። ሂትለርና ፍራንኮ በኦክቶበር 1940 የተገናኙትም በባቡር ጣቢያዋ ነበር። ድንበርን በየዕለቱ እያየ የሚኖር ሕዝብ አንድ ቅርስ የሁለት አገር ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም ብዬ አምናለሁ።

ግንቡ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚያዩ ገደሎች አቅራቢያ ይገኛል። ከ1864 እስከ 1879 ባሉት ዓመታት ተሠራ። ንድፉ የፓሪሱን ኖትርዳም ካቴድራል ያደሱት የታዋቂው አርክቴክት የቪዮሌ ለ ዱክ ሲሆን፣ ሥራውን እስከ ፍጻሜው ያደረሱት ኤድሞን ዱትዋ ናቸው። ከሩቅ ሲያዩት የመካከለኛውን ዘመን ምሽግ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን በድንጋዩ ላይ አዞው፣ ዝሆኑ፣ ዝንጀሮውና እባቡ ብቅ ብቅ ይላሉ። ውስጡ የኮከብ መመልከቻ፣ የጸሎት ቤትና መኖሪያ ሆኖ ለሦስት ነገር የተከፈለ ነው። የባለቤቱ አባት ባስክ፣ እናታቸው አየርላንዳዊት ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1810 የተወለዱት በደብሊን ነው። ስለዚህ ወደ ቤቱ የሚገባ እንግዳ በአየርላንድ ቋንቋ መቶ ሺህ ሰላምታ ይቀበለዋል። ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ባስክኛ ያገኛል፣ ላቲን ያገኛል፣ አረብኛም ያገኛል። ከአካባቢው ተራሮች አንዱን በሩቅ ለማየት ታስቦ በግድግዳው ውስጥ የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ ምርምሩ ስላልሠራላቸው ባለቤቱ ምንም እንዳላዩና ምንም እንዳልተማሩ በባስክኛ አስጽፈውበታል። ሊቅ ሆኖ በራሱ የሚቀልድ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝምና ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልፈለግሁም።

አማርኛውን የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚቆመው በምግብ ክፍሉ ነው። ግድግዳው የጎሽ ቆዳ ለብሷል። በወንበሮቹ መደገፊያ ላይ አንዳንድ የኢትዮጵያ ፊደል ተጽፎ፣ ወንበሮቹ በተርታ ሲቆሙ ፊደላቱ ተገጣጥመው በማዕዱ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር እግዚአብሔርን የሚለምን አንድ ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ። በዘመነ መሳፍንት የመኳንንቱን ግብር ያየ ሰው ይህ ልመና ከየት እንደመጣለት ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንቷንና ታናሽ ወንድማቸው አርኖ ምጽዋ የደረሱት በ1838 መጀመሪያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ብቻ የነገሠበት፣ ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር፣ ደጃዝማች ውቤ በስሜንና በትግራይ፣ ደጃዝማች ጎሹ በጎጃም እየገዙ አንዱ ሌላውን የሚጠባበቅበት ዘመን ነበር። አርኖ በደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ገብተው አብረው ዘመቱ፣ አብረው በሉ፣ የአገሩን ወግ ለመዱ፤ ኋላም ያዩትን በሰፊው ጻፉ። አንቷን በበኩላቸው ከተራራ ተራራ እየወጡ፣ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ማዕዘን እየለኩ፣ እስከ እናርያ ድረስ ዘልቀው የአገሩን ካርታ ሠሩ። ውጤቱ ከ1860 እስከ 1873 በተከታታይ ታትሞ ለብዙ ዘመን ሲያገለግል ቆይቷል። በአንድ ትልቅ ጉዳይ ግን ተሳስተዋል፤ የኦሞን ወንዝ የነጭ ዓባይ መነሻ አድርገው ቆጥረውት፣ በ1846 ምንጩ ነው ባሉት ቦታ የፈረንሳይን ባንዲራ ሰቅለው ነበር። ሌሎች ተጓዦች በብርቱ ተቃውመዋቸዋል።

ተራራ ላይ ቆሞ ማዕዘን መለካት ለአንድ ሰው ይቻለዋል። የተራራውን ስም፣ ከበስተኋላው ያለውን ወንዝ፣ ወንዙን የሚሻገሩበትን መልካና የመልካውን ባለቤት ግን ከአገሩ ሰው ሳይጠይቅ ማንም አያውቅም። በካርታው ላይ ያሉት የቦታ ስሞች ሁሉ ከአንድ ሰው አንደበት የወጡ ናቸው። በመዝገበ ቃላቱ ያሉት ቃላትም እንዲሁ ናቸው፤ ደብተራው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ምግብ ያቀረበችው ሴት፣ በቅሎ የጫነው ልጅ የነገሯቸው ናቸው። ከነዚህ ብዙዎቹ የማን እንደሆኑ ሳይታወቅ ቀርተዋል። የታወቁትን ግን ለምን እንተዋቸዋለን?

የጎንደሩን ሊቅ አጽቁን ልጥቀስ። ወንድማማቾቹ ጎንደር ሲገቡ በቤታቸው ያስተናገዷቸው እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ጀርመናዊውን ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔልን በኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ የረዱትም እኒሁ ሰው ነበሩ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ካወቀችው ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል በዚህ አንድ የጎንደር ቤት ደጃፍ በኩል አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባ ይስሐቅንም እጠቅሳለሁ። ፊሎክሰኖ ሉዛቶ የተባለ ጣሊያናዊ አይሁዳዊ ወጣት ሊቅ ስለ ቤተ እስራኤል ሃይማኖትና ሥርዓት የጥያቄ ዝርዝር ለአንቷን ዳባዲ ልኮ ነበር። መልሱን የሰጡት የቤተ እስራኤል ካህን አባ ይስሐቅ ናቸው፤ ምላሻቸውም በ1850ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ በሚታተም የአይሁድ መጽሔት ወጥቶ ተነበበ። አንድ የኢትዮጵያ ካህን ስለ ገዛ ሃይማኖቱ ለአውሮፓ አይሁድ በራሱ ቃል ያስረዳበት ሰነድ ነውና ዛሬ በእስራኤል ለሚኖሩት ወገኖቻችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በመካከሉ የቆመው አስተላላፊ የአንዳይ ሰው ነበር።

በትግራይ የጉንዳ ጉንዴ ገዳም መነኮሳትም አሉ። ከጥንቱ የክርስትና ዘመን የወረደው የሄርማስ መጽሐፍ በግሪክኛው ተቆራርጦ ሲቀር፣ የግዕዙ ትርጉም በዚህ ገዳም ተጠብቆ ነበር። አንቷን ዳባዲ አስገልብጠው ከላቲን ትርጉም ጋር በ1860 በላይፕዚግ አሳተሙት። በአርትኦቱ ላይ ያለው ስም የእርሳቸው ብቻ ነው፤ ደንቡም እንዲያ ነበርና አልወቅስም። ነገር ግን መጽሐፉን ለብዙ ዘመን ከእሳትና ከምስጥ የጠበቀው ገዳም ስም በግንቡ ውስጥ አንድ መስመር ይበዛበታል የሚል ያለ አይመስለኝም።

በጠቅላላው ዳባዲ በ1859 ባሳተሙት ካታሎግ 234 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን ዘርዝረዋል። ከነዚህ መካከል ቁጥር 215 እና ቁጥር 234 ሆነው የተመዘገቡት የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ቅጂዎች ናቸው፤ ከኢትዮጵያ የላኩላቸው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባሉ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነበሩ። ሐተታው የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ሥራ ነው ወይስ የሚሲዮናዊው ድርሰት ነው የሚለው ክርክር መቶ ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬም አልበረደም። እኔ እዚህ ልፈታው አልሞክርም። ነገር ግን በአዲስ አበባ የፍልስፍና ተማሪዎች የሚከራከሩበት መጽሐፍ በዚህ ቤት ባለቤት እጅ ማለፉን ወደ ግንቡ የሚመጡ ጎብኚዎች ቢያውቁ ቤቱን በሌላ ዓይን ያዩት ነበር።

መጻሕፍቱ ዛሬ በአንዳይ የሉም፤ በ1902 ወደ ፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተዛውረዋል። እዚህ ላይ ከወገኖቼ በኩል ሊነሳ የሚችለውን ጥያቄ ሳላነሳ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ የወሰዳቸው መጻሕፍት ጉዳይ ሌላ ነው፤ ያ የጦር ምርኮ ነው። የዳባዲ ስብስብ በግዢና በክፍያ በማስገልበጥ የተገኘ ነውና ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ መጮኽ የመቅደላውን ክስ ያዳክማል እንጂ አያጠነክርም። በእርግጥ በችግር ጊዜ መጽሐፉን የሸጠ ቄስ በምን ዋጋ ሸጠ፣ የመሸጥስ መብት ነበረው ወይ የሚል ጥያቄ ይኖራል፤ ጥናት የሚፈልግ ጥያቄ ነው፣ ለአንድ የከተማ ምክር ቤት የሚቀርብ ግን አይደለም። ከእናንተ የምፈልገው ቀለል ያለ ነው። ብዙዎቹ ብራናዎች በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ስብስብ በነጻ ሊታዩ ስለሚችሉ፣ ጎብኚው በግንቡ ውስጥ ቆሞ የጥቂቶቹን ገጾች በስክሪን እንዲያይ ይደረግ። አሁን ወንበሮቹ በአንዳይ፣ ብራናዎቹ በፓሪስ፣ የብራናዎቹ ልጆች በጎንደርና በአዲስ አበባ ተለያይተው ነው ያሉት።

በቤቱ ውስጥ ማን ይታወሳል የሚለውን ላንሳ። በአንደኛው ሰገነት ላይ አንድ ድንጋይ ጎድሏል። የመጨረሻውን ድንጋይ ያኖራሉ ተብለው የተጠበቁት ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ በ1870 ከዙፋን በመውረዳቸው ቦታው ባዶ እንደቀረ ለጎብኚ ይነገራል። ጥሩ ታሪክ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ያልመጣ ንጉሠ ነገሥት በጎደለ ድንጋይ ሲታወስ፣ ለባለቤቱ ቤታቸውን የከፈቱ ሰዎች በተሞላ ግድግዳ ላይ ቦታ ማጣታቸው ትክክል አይደለም።

በደረጃው አጠገብ ፋኖስ ይዞ የቆመ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሐውልት አለ። በቤቱ ታሪክ አብዱላ በሚል ስም ይታወቃል። በዚህ ቤት በአካል ቅርጽ የቆመ ኢትዮጵያዊ ቢኖር እርሱ ነው፤ የቆመውም መብራት ያዥ ሆኖ ነው። ሐውልቱ ይነሳ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ የዘመኑን አስተሳሰብ ከነጉድለቱ የሚያሳይ ሥራ ነውና ባለበት ይቆይ። የምለው ከአገልጋዩ ሌላ መምህሩም፣ ዳኛውም፣ ካህኑም፣ ጸሐፊውም እንደነበሩ ጎብኚው ሳይሰማ ከቤቱ አይውጣ ነው። በአሁኑ አቀማመጥ ከቤቱ የሚወጣ ልጅ ኢትዮጵያዊ ማለት ፋኖስ የሚይዝ ሰው ነው ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ የልጁ አይሆንም።

ማን ምን ማድረግ እንደሚችል አውቃለሁ። ግንቡ የከተማዋ አይደለም፤ ዳባዲ ለሳይንስ አካዳሚ አውርሰውታል፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቪርዢኒ በ1901 እስኪያርፉ ድረስም ኖረውበታል። ሁለቱም በጸሎት ቤቱ ሥር ተቀብረዋል። በዙሪያው ያለው 65 ሄክታር ገደማ ሜዳና ገደል ደግሞ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ተቋሙ ይዞታ ነው። ሕንፃው በዲሴምበር 1984 በታሪክ ሐውልትነት ስለተመዘገበ ያለ መንግሥት ፈቃድ አንድ ሚስማር እንኳ በግድግዳው ላይ መምታት አይቻልም፤ ይህም ተገቢ ነው። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ምንም እንዲጻፍ አልጠይቅም። በመግቢያው አካባቢ ለብቻው የሚቆም አንድ ሰሌዳና ለእንግዶች የሚታደል አንድ ጽሑፍ በፈረንሳይኛ፣ በባስክኛና በአማርኛ ቢዘጋጅ ሕንፃው አይነካም።

ለአካዳሚውም አንድ ነገር ላስታውስ። ውርሱ የተሰጠው በሃምሳ ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር እንዲሠራ በሚል ግዴታ ነበር። በዚህ ምክንያት ቀሳውስት የሆኑ የከዋክብት ተመራማሪዎች በግንቡ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየቆጠሩ ለብዙ ዘመን ሠርተዋል፤ መመልከቻው የተዘጋው በ1975 ነው። ግማሽ ሚሊዮን ኮከብ ለመመዝገብ የተስማማ ተቋም የሃያ ሰዎችን ስም መመዝገብ ይከብደዋል ብዬ አልጠረጥርም።

የእናንተ የምክር ቤቱ ድርሻ የመንገድ ስም ነው። በፈረንሳይ ሕግ የከተማን መንገድና አደባባይ የሚሰይመው የኮምዩኑ ምክር ቤት ነው፤ ለዚህ የአካዳሚውም የሚኒስቴሩም ፈቃድ አያስፈልግም። ወደ ግንቡ ከሚወስዱት መተላለፊያዎች ወይም በአካባቢው ካሉት ትናንሽ አደባባዮች አንዱ በሊቅ አጽቁ ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ እርሳቸውን የመረጥሁት የእንግዳ አቀባበል ውለታ የእንግዳው ከተማ ሊመልሰው የሚገባ ውለታ ስለሆነ ነው። ምክር ቤቱ ሌላ ስም ቢመርጥ፣ አባ ይስሐቅንም ይሁን የጉንዳ ጉንዴን ገዳም፣ አልከራከርም።

ስለ ፊደሉ የማነሳው ነገር አነስተኛ ቢመስልም ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። በኢትዮጵያ ፊደል ከአንዱ ሆሄ ወደ ሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ቅጥያ ናት። ከ«በ» ጎን ትንሽ ሰረዝ ስትወጣ «ቡ» ይሆናል፤ ከእግሩ ሥር ስትወጣ «ቢ» ይሆናል፤ ሰረዟ ከተፋቀች ወይም አዳሹ የቀለም ነጠብጣብ መስላው ካጠፋት ቃሉ ሌላ ይሆናል፣ አንዳንዴም ትርጉም ያጣል። ባሕር ዳር ያለ ቤት ከጨውና ከእርጥበት ስለማያመልጥ፣ ዛሬም ባይሆን ነገ ሥዕሎቹና ጽሑፎቹ መታደሳቸው አይቀርም። አዳሹ ባለሙያ የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን የማያነበውን ጽሑፍ ሊቀባ የሚችለው እንደ ጌጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በጽሑፎቹ ላይ ሥራ በሚጀመርበት ጊዜ ሁሉ ግዕዝና አማርኛ የሚያነብ ሰው በቦታው እንዲገኝ፣ ከዚያም በፊት የእያንዳንዱ ጽሑፍ ፎቶግራፍና ትክክለኛ ንባብ ተዘጋጅቶ በከተማዋና በአካዳሚው መዛግብት እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። የምግብ ክፍሉ ወንበሮችም እንዲሁ ናቸው። ለጽዳት ወይም ለጥገና ሲነሱ ተራቸው ከተፋለሰ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል፤ ፊደሉን የማያውቅ ሠራተኛ ደግሞ መፍረሱን ሊያይ አይችልም። በየወንበሩ ሥር በእርሳስ የሚጻፍ አንድ ቁጥር ይበቃል።

አሁን ፊቴን ወደ አማርኛ አንባቢዎች ልመልስ፤ ጥያቄው በአንድ ወገን ብቻ ሊቀር አይገባምና። በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በጀርመንና በጣሊያን የምንኖር ብዙዎች ነን። ወደ አንዳይ ባቡር ከፓሪስም ከቦርዶም ይመጣል። ቅርሳችን በባዕድ አገር ተረሳ እያልን የምንጽፈውን ያህል ወደ ቦታው ሄደን የምናነብ አይመስለኝም። ግዕዝ የተማራችሁ ካህናትና ደባትር፣ በዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያን ጥናት የምታስተምሩ ምሁራን፣ የንባቡን ሥራ ለመጀመር ከእናንተ የተሻለ የለም። በእስራኤል ያላችሁም የአባ ይስሐቅን መልሶች ወደ አማርኛና ወደ ዕብራይስጥ መልሳችሁ ለልጆቻችሁ ብታቀርቡ፣ ለግንቡ ሰሌዳ የሚሆነው ጽሑፍ ግማሹ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ከኦሮሞ ወገኖቻችንም በእናርያና በጊቤ ምድር የተሰበሰበውን ጽሑፍ የሚመረምሩ እንዲቀላቀሉ እፈልጋለሁ፤ ዳባዲ ያዩት ኢትዮጵያ የአማርኛ ተናጋሪው አገር ብቻ አልነበረም፣ ሰሌዳው ይህን ከዘነጋ ሌላ ስህተት ይሆናል።

ስለ አንቷን ዳባዲ ያለኝ አስተያየት በእነዚህ ጥያቄዎች እንዲጨልም አልሻም። በአገራቸው ለባስክ ቋንቋ ብዙ ደክመዋል፤ በ1850ዎቹ ያስጀመሩት የባስክ የግጥም ውድድር ብዙዎች የናቁትን ቋንቋ ክብር ሰጥቶታል። አማርኛንና ሌሎቹን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በዚያው ዓይን አይተዋቸዋል፤ በዘመናቸው ከነበሩት ተጓዦች ይህን የሚያህል ጆሮ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። ባስክኛን በመንገድ ምልክቶቿ ላይ የምትጽፍ ከተማ ይህን ጠባያቸውን ከማንም በላይ ትረዳዋለች። የኢትዮጵያ መምህሮቻቸው ቢጠሩ የእርሳቸው ስም አይቀንስም።

ለመጀመሪያው እርምጃ ቀን ልጠቁም። የአውሮፓ የቅርስ ቀናት በፈረንሳይ በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ ይከበራሉ፤ ልማዱ የተጀመረውም ግንቡ በተመዘገበበት በ1984 ነው። የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀድሞ በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይውላል። በሚቀጥለው የቅርስ ቀናት እሑድ አንድ የአማርኛ የጉብኝት ሰዓት እንዲመደብ፣ ለዚያም ጽሑፎቹን የሚያነቡና ለጎብኚዎች የሚያስረዱ ሁለት ወይም ሦስት በጎ ፈቃደኞች እንዲገቡ ከአካዳሚው ጋር እንድትነጋገሩ እለምናለሁ። በጎ ፈቃደኞቹን የማሰባሰቡን፣ የሰሌዳውን የአማርኛ ጽሑፍ ረቂቅ የማዘጋጀቱንና ከፈረንሳይኛው ጋር የማስተያየቱን ሥራ እኔና ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ እንሠራለን። የመንገዱን ስም በተመለከተ ጉዳዩ በምክር ቤቱ አጀንዳ የሚያዝበት ቀን ከተወሰነ ቀኑ እንዲገለጽልኝ፣ ካልተያዘም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በፈረንሳይ ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ